አንድ ድስትና አንድ በርጩማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐረር መንገድ የሚጓዝ ሰው የአዋሽን ሙቀት ጠግቦ ሚኤሶን ካለፈ በኋላ መኪናው ዳገቱን ይያያዘዋል። ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለ ይሄዳል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጫቱና የማሽላው ማሳ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ ብቅ ትላለች። በዚህች ከተማ፣ እንደዚሁም በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ፣ አዲስ የተመደበ መምህር ወይም ጸሐፊ የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀበል አስቀድሞ የሚፈልገው የሚከራየውን ክፍል ነው። ክፍሉም አንድ ነው። አልጋ ይገባበታል፤ ጠረጴዛ ይገባበታል፤ ከአልጋው እግርና ከበሩ መካከል የምትቀረዋ ክንድ ተኩል ስፍራ ደግሞ ማዕድ ቤት ትባላለች።

ስለዚህች ክንድ ተኩል ስፍራ ጥቂት ለማለት ፈልገናል። ወጣቱ ሠራተኛ «ለምን በቤትህ አታበስልም?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነውና፤ «የት ላይ?» ይላል። ስለዚህም ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀትር ላይ ገንዘብ ካለ ምግብ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ይሆንና ማታ የምግብ ፍላጎቱ ተዘግቶ ያድራል። ጫት ረኃብን ያስረሳል እንጂ አያጠግብም። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ለምግብ ቤት ዕዳ ሄዶ ያልቃል፤ ዓመቱ ሳይሞላ ደግሞ ስለ ጨጓራው ብቻ የሚያወራ የሃያ አራት ዓመት ሽማግሌ ይሆናል። ይህን የምንጽፈው ለመውቀስ አይደለም። እኛም በጭሮ በኖርንበት የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ነበርን።

ዓይናችንን የገለጡልን ያከራዩን እናት ናቸው። የእርሳቸው ማዕድ ቤት በግቢው ጥግ የቆመች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት የጭቃ ቤት ነበረች። በዚያች ውስጥ ለስምንት ነፍስ ያበስላሉ። አንድ ቀን ፍም ልንለምን ገብተን ቆመን ስናያቸው፣ ወጡ ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከበርጩማቸው አንድ ጊዜም አልተነሡም። ምድጃው ከፊታቸው፣ የውኃው እንስራ በግራቸው፣ ጨውና በርበሬው በቀኛቸው፣ መክተፊያው ጉልበታቸው ላይ ነው። ስለ ክፍላችን ጥበት ስናማርርባቸው፣ «ልጄ፣ ቤቱ መች ጠበበህ? ዕቃው ነው የበዛብህ» አሉን። እውነትም ሦስት ድስትና አንድ ትልቅ መጥበሻ ገዝተን፣ አንዱንም ሳናሟሽ አልጋ ሥር አስቀምጠን ነበር።

ኋላ በንባብ እንደ ተረዳነው፣ እኚህ እናት በልማድ የሚያውቁትን ነገር የአውሮፓ ሰዎች የደረሱበት ብዙ ደክመው ነው። በ1926 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የኦስትሪያ ተወላጅ የሕንፃ ባለሙያ፣ በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ ለሚሠሩት የሠራተኞች ቤቶች የሚሆን ማዕድ ቤት ነደፈች። ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱም ሦስት ሜትር ተኩል የማይሞላ ነበር። ምሳሌ ያደረገችው የባቡርን የምግብ ፉርጎ ነው፤ በዚያ ጠባብ ስፍራ አንድ ወጥ ቤት እምብዛም ሳይራመድ ለብዙ ተሳፋሪ ያበስላልና። ይህ ማዕድ ቤት 10000 ያህል በሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ገባ። ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ግን በመካከሉ የሚሽከረከር በርጩማ የነበረው መሆኑ ነው። የእኛዋ እናት በርጩማ ባይሽከረከርም ሥራው ያው ነው።

እንግዲህ ለክንድ ተኩሏ ስፍራ የሚያስፈልገው አንድ ምድጃ፣ ክዳን ያለው አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋና አንድ በርጩማ ነው። እንጀራው ከሻጭ ይገዛል፤ ወንደላጤም ሆነ ሴተላጤ በአንድ ክፍል ውስጥ ምጣድ ልጣድ ብሎ አይድከም።

የምዕራብ ሐረርጌ ገበያ ደግሞ ለአንድ ድስት የተፈጠረ ይመስላል። ማሽላና በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ድንችና ስኳር ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ሎሚ አለ። የምግብ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት፣ በእህል ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰው በጥራጥሬው ውስጥ ይገኛል፤ በጥራጥሬው የሚያንሰውም በእህሉ ይሟላል። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ ሥጋ በየቀኑ መግዛት ላልቻለ ሰው ትልቅ ድጋፍ ናቸው። ብዙ ሕፃናት ያደጉበት ፋፋ የተሠራው በዚሁ እህልን ከጥራጥሬ በማደባለቅ ሐሳብ ነው። የማሽላ እንጀራ በቦሎቄ ወጥ የድኻ ምግብ ነው ብሎ የሚንቅ ባለ ዲፕሎማ ካለ፣ የናቀው የራሱን ትምህርት ነው።

ቦሎቄ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጭሮ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ውኃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነውና ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ከአዋሽ ቆላ ተዛውሮ የመጣ ባልንጀራችን የጭሮን ቦሎቄ «ድንጋይ ነው» እያለ ሲሳደብ፣ ጥፋቱ የቦሎቄው አልነበረም። መድኃኒቱ ማታ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ መጣድ፣ ድስቱንም መክደን ነው። ግማሽ በግማሽ የበሰለ ቦሎቄ ሆድ ያውካል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዛም ነገር የሚጠፋው አጥብቆ ሲፈላ ብቻ ነው። ከለሰለሰ በኋላ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቂት ዘይት ይገባበታል። ጎመኑ ሳይከተፍ ይታጠባል፤ ወደ ድስቱ የሚገባውም መጨረሻ ላይ ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበስላል። ስኳር ድንችም ከተገኘ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ቢመረጥ ለዓይን የሚጠቅመው ቪታሚን ኤ በብዛት ያለው በዚያ ነው።

ምድጃ ማቀጣጠል ለሚታክተው ደግሞ ሐረርጌ እሳት የማይነካው ምግብ አላት፤ ይኸውም ሁልበት ነው። የአብሽ ዱቄት በውኃ ይዘፈዘፍና ምሬቱ እንዲወጣ ከላይ ያለው ውኃ ይደፋል፤ የቀረውም እስኪነጣና አረፋ እስኪሆን ድረስ ይመታል። ቃሪያና ቲማቲም ተከትፎበት በእንጀራ ይበላል። የሚፈልገው ጎድጓዳ ሳሕንና የክንድ ብርታት ነው።

ስለ እሳት ከተነሣ ግን አንድ ነገር ጠንከር አድርገን መናገር አለብን። በነሐሴ ወር አንድ ማታ ዝናቡ ስለ በረታ የከሰሉን ፈርኔሎ ወደ ክፍላችን አስገብተን በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። ከሰሉ ጢሱን ጨርሶ ፍም ሆኖ ስለ ነበር ምንም የሚያሰጋ አልመሰለንም። ወጡ ሳይበስል ራሳችንን ይወጋን ጀመር፤ ቀጥሎ አቅለሸለሸን፤ ልንነሣ ስንል ጉልበታችን ከዳን። ጎረቤታችን ክብሪት ሊበደር በሩን ባያንኳኳ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር። ፍም ጢስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ከደም ጋር ተጣብቆ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ይከለክላል፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ብዙ ሰው ግን «ጢሱ ካለፈ ምንም አይል» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከሰል የሚቀጣጠለውም የሚበስልበትም በረንዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ከሆነ ያን ማታ በሶ ይጠጣል። በዚህ ጋዝ የታመመ ሰው ቢገኝ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከዚህ ሥጋት ያድናል፤ ለጠባብ ክፍል ከሁሉ የተሻለውም እርሱ ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ ያብስል፤ ለሚኤሶና ለአሰቦት ሙቀት የተረፈ ወጥ አደራ አይሰጥም። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከጥራጥሬው የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሱበታልና አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ በምትካቸው ሎሚ ቢጨመቅ ያንኑ ማዕድን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ታዟል፤ አዮዲኑ እንዳያመልጥ ጨው በተከደነ ዕቃ ተቀምጦ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ጫት የሚቅመውም ሰው ከመቃሙ በፊት ይብላ፤ በኋላ እበላለሁ ያለ ሲበላ አላየንም።

ዛሬ እሑድ ነው። አንድ ጣሳ ቦሎቄ ዛሬ ማታ ከተዘፈዘፈና ነገ ወደ ሥራ ከመሄድ በፊት ውኃው ከተለወጠለት ለሰኞ ራት ይደርሳል። ለእንግዳም ይተርፋል፤ እንግዳው ግን አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ በርጩማው አንድ ነውና።