የሐፈዘ ልጅ ፈተና ለምን ይወድቃል?



ባለፈው ዓመት አንድ አባት የ10ኛ ክፍል ልጃቸውን እጁን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ልጁን ከሁለት ቦታ አውቀዋለሁ። ቀን ትምህርት ቤት አስተምረዋለሁ፤ ማታ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ ቁርኣን ሲቀራ አየዋለሁ። 12 ጁዝእ ሐፍዟል። በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ግን በሒሳብ 41፣ በፊዚክስ 36 አምጥቶ ነበር።

«ኡስታዝ» አሉኝ አባትየው፣ «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ለአስኳላ አልተፈጠረም። ከእንግዲህ ሱቅ ይግባልኝ።» ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ሐጂ፣ ከመወሰንዎ በፊት ቦርሳውን እንየው» አልኳቸው። ቦርሳው ተከፈተ። ከፊት ባዮሎጂ፣ ከኋላ ፊዚክስ የተጻፈበት አንድ ደብተር፣ የተጨማደደ የፈተና ወረቀት፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ወጣ። የቤት ሥራ የት እንደሚጽፍ ብጠይቀው «በቃሌ ነው የምይዘው» አለኝ።

ከዚያም «ቁርኣኑንስ እንዴት ያዝከው?» አልኩት። ቀና ብሎ መለሰ፦ «ከሱብሒ በኋላ አዲሱን እይዛለሁ። ከመግሪብ በኋላ ለኡስታዜ አሰማለሁ። ሐሙስና ጁሙዓ የሳምንቱን ሙራጀዓ አደርጋለሁ።» «ፊዚክስንስ?» «ፈተና ሲደርስ አነበዋለሁ።»

አባትየው ዝም አሉ። መልሱን ልጃቸው ራሱ ሰጥቷቸው ነበር።

ጉድለቱ የጭንቅላት አይደለም

በጥር 2015 ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ሆነ። ለዚህ የመጽሐፍና የመምህር እጥረትን የመሳሰሉ ብዙ ምክንያቶች አሉ። እነዚያን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አያስተካክላቸውም። የጥናት ልማድ ግን በቤታችን እጅ ነው።

ብዙ ወላጆች ልጅ ሲደክም ወዲያው አስጠኚ ይቀጥራሉ። አስጠኚ ትምህርቱን ደግሞ ያስረዳል። ሆኖም ልጁ ጊዜውን፣ ደብተሩንና ክለሳውን እንዴት እንደሚይዝ ካልሠለጠነ፣ አስጠኚው ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን የያዘ ሰው ካልተከታተለው ከታሰረ ግመል ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያመልጠው አስጠንቅቀዋል። የደረሶች ሙራጀዓም ለዚህ ነው። ኤቢንግሐውስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪም ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። በእርሱ ልኬት ከአንድ ሰዓት በኋላ የተረፈው ከግማሽ በታች፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበር። እንግዲህ መርሳት የሁሉም ሰው ጠባይ ነው፤ የስንፍና ምልክት አይደለም። መድኃኒቱ መመላለስ ነው።

ማንበብና ማሰማት ይለያያሉ

ደረሳ ትምህርቱን አንብቦ ብቻ አይነሳም፤ ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ በቃሉ ያሰማል። የአስኳላ ተማሪ ግን ደብተሩን ሦስት ጊዜ ያነብና «ገብቶኛል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸዋል። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው በቃላቸው ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ካነበቡት የታወሳቸው 42 ከመቶ ሲሆን፣ በቃል ከጻፉት 56 ከመቶ ሆነ። ለፈተና የሚበጀው የሳምንቱ ነው።

ለልጁ ያወጣንለት ሥርዓት

አንደኛ፣ ለየትምህርቱ የየራሱ ደብተር፤ ለቤት ሥራ ደግሞ ቀኑ እየተጻፈ የሚያዝበት አንድ ትንሽ ማስታወሻ። ቦርሳው ማታ ይዘጋጃል፤ ጠዋት መራወጥ የለም።

ሁለተኛ፣ ጥናቱን ከሰላት ጋር አያያዝነው። በአገራችን የመግሪብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ለልጅ ከግድግዳ ሰዓት የተሻለ ማስታወሻ ነው። መድረሳ በሚኖርበት ምሽት ከዒሻ በኋላ 40 ደቂቃ፣ በማይኖርበት ከመግሪብ እስከ ዒሻ። በመሐል አምስት ደቂቃ ዕረፍት አለ።

ሦስተኛ፣ አዲሱን ከመጀመሩ በፊት የዕለቱን ትምህርት ደብተሩን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ይጽፋል። ያመለጠውን ከፍቶ ያርማል። ሒሳብ ከሆነ በክፍል የተሠራውን ጥያቄ መልሱን ሸፍኖ እንደገና ይሠራዋል። ቅዳሜ የሳምንቱን ይመልሳል።

አራተኛ፣ ስልኩ በጥናት ሰዓት እናቱ ዘንድ ይቀመጣል። ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አጠገቡ ካለ ዓይኑ አያርፍም።

ወላጆች ሆይ!

አባትየው «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ልረዳው?» ብለውኝ ነበር። «ደብተሩን እርስዎ ይያዙት፤ እሱ በቃሉ ያስረዳዎት። ሲንተፋተፍ ያውቁበታል» አልኳቸው። ለዚህ ደግሞ ከነጋዴ የበለጠ ማን አለ? ሸቀጡን የማያውቅ ሻጭ ንግግሩ ያስታውቃል።

ሴት ልጆቻችንንም አንርሳ። ወንድሟ ሲያጠና እሷ ዕቃ የምታጥብ ከሆነ «ልጄ ትምህርት አልሆነላትም» ማለት ግፍ ነው። የቤት ሥራው ለሁለቱም ይከፈል፤ የጥናት ሰዓቷም እንደ እሱ ይከበር።

በመጀመሪያው ወር ልጁ ሁለት ጊዜ ሥርዓቱን ትቶት ነበር። አልተቆጣንም፤ 40ውን ደቂቃ ወደ 20 አወረድንና እንደገና ጀመረ። ትንሽም ቢሆን የዘወተረ ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን ተምረን የለ? በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ 63 ደረሰ። ፊዚክሱ ገና 52 ነው፤ ብዙ ይቀረዋል።

አባትየው ግን ሱቅ የማስገባቱን ነገር አላነሱትም። ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ሱቃቸው ብሄድ ልጁ የለም። «የት ሄደ?» ብላቸው ሰዓታቸውን አይተው «መግሪብ ሊደርስ ነው፤ ዛሬ መድረሳ የለውም። ማታ የኤሌክትሪክን ትምህርት ሊያሰማኝ ቀጠሮ አለን» አሉኝ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። አሚን!