ከሐዲዱ ማብቂያ እስከ ቤት ደጃፍ

የባቡር ድርጅቶች የመስመራቸውን ርዝመት ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ይለካሉ፤ መንገደኛው ግን ጉዞውን የሚቆጥረው ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ሊደርስበት ካሰበው ደጃፍ እስኪገባ ድረስ ነው። በእነዚህ ሁለት ልኬቶች መካከል ያለውን ልዩነት የትራንስፖርት ባለሙያዎች «የመጨረሻው ማይል» ይሉታል፤ ይኸውም ዋናው መጓጓዣ ካወረደው በኋላ መንገደኛው በእግሩ፣ በታክሲ፣ በአውቶቡስ ወይም በከተማ ባቡር የሚጨርሰው ቀሪ መንገድ ማለት ነው። ስሙ አንድ ማይል ይበል እንጂ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በጅቡቲ ርቀቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የኢትዮ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በሦስቱም ከተሞች ጣቢያዎቹን የሠራው አሮጌው ባቡር ይገባበት ከነበረው ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ነውና።

የአሮጌው ባቡር መንገደኛ በዚህ ረገድ ብዙም አይቸገርም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ይህ መስመር፣ መጀመሪያ የያዘው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ፣ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬም በለገሃር ቆሞ የሚታየው የድንጋይ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ከጣቢያው የወጣ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ሲያዞር ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን የቸርችል ጎዳና ያያል፤ ብሔራዊ ቴአትር፣ ዋናው ፖስታ ቤትና የመሀል ከተማ ሆቴሎች በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ፤ ሻንጣ የሚሸከም ኩሊ፣ በኋላም ተሳፋሪዎቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚጭነው «ውይይት» ታክሲና የአንበሳ አውቶቡስ ከደጁ አይጠፉም ነበር። ባቡሩ መግባቱን ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ለገሃር የአውቶቡስና የታክሲ መናኸሪያ ሆኖ መቅረቱ ጣቢያው ከተማውን ምን ያህል ወደ ራሱ ስቦ እንደነበር ያሳያል።

ሆኖም እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ ለገሃርም ዳርቻ ነበረ። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሕይወት የሚንቀሳቀሰው በታላቁ ቤተ መንግሥትና በአራዳ ገበያ፣ እንዲሁም በመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ ሲሆን፣ ጣቢያው የተተከለው ከእነዚህ በስተደቡብ በሚገኘው ለጥ ያለ መሬት ላይ ነበር፤ በጣቢያውና በአራዳ መካከል የነበረውን ባዶ ቦታ ሱቆች፣ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች እየሞሉት የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አዲሱ ጣቢያ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በፉሪ–ለቡ መሠራቱ ብቻውን ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄው ለገሃርን መሀል ያደረገው ቀጥተኛ መንገድና በየሰዓቱ የማይጠፋ መጓጓዣ በለቡም አለ ወይ የሚለው ነው።

ጣቢያው ዳር ላይ የወጣበት ምክንያት ለመረዳት አይከብድም። አሮጌው ባቡር የሚሄደው በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሐዲድ ስለነበር በጠባብ ቦታ መታጠፍ ይችል ነበር፤ አዲሱ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ በዓለም ላይ በብዛት በሚሠራበትና «መደበኛ» በሚባለው ሐዲድ ላይ ረጃጅም የጭነት ባቡሮችን ጭምር የሚጎትት በመሆኑ ሰፋፊ ኩርባዎችና ቀላል ዳገቶች ያስፈልጉታል። በተጨማሪም መስመሩ በዋናነት የታሰበው ለወደብ ጭነት ነው፤ ከሰበታ ተነሥቶ በእንዶዴና በሞጆ በኩል ወደ ጅቡቲ ለሚያልፍ የጭነት መስመር መሀል አዲስ አበባ መግባት ትርፉ ትንሽ፣ ለተነሺዎች የሚከፈለው ካሳ ግን ብዙ ነው። መንገደኛው እንግዲህ የጭነትን ስሌት ተከትሎ በተቀየሰ መስመር ላይ ይሳፈራል፤ ከጣቢያው ሲወጣ የሚገጥመው ችግር ምንጩ እዚህ ላይ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው የከተማው ባቡር ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያ መስመር አገልግሎት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ማለትም የረጅም ርቀቱ ባቡር ከመመረቁ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። ሁለቱም በቻይና ተቋራጮች የተሠሩ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ፣ ሁለቱም ሐዲዳቸው 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ መንትያ ፕሮጀክቶች ሲሆኑ፣ መንገደኛ ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት አንድም የጋራ ጣቢያ የላቸውም። የከተማው ባቡር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ተዘርግቶ፣ ሁለቱ መስመሮች በሜክሲኮና በለገሃር በኩል አንዱን ሐዲድ ተጋርተው ያልፋሉ፤ ወደ ለቡ ግን የሚታጠፍ ቅርንጫፍ የለውም። አሮጌው ጣቢያ ባቡር በሌለበት ዘመን የከተማ ባቡር ፌርማታ አገኘ፤ ባቡር የሚገባበት አዲሱ ጣቢያ ግን አላገኘም።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 የተሰየመ አንድ የንጉሣዊ አጣሪ ጉባኤ የባቡር ሐዲዶች ወደ ለንደን መሀል እንዳይገቡ በመምከሩ፣ ከእንግሊዝ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የሚመጡት ባቡሮች በከተማዋ ዙሪያ በተበተኑ ጣቢያዎች ቆመው ሲቀሩ፣ ተሳፋሪዎቻቸውን ወደ መሀል የሚያደርሱ ጋሪዎችና የፈረስ አውቶቡሶች ጎዳናዎቹን አጨናነቁ። መፍትሔው መንገዱን መቆፈር ሆነ፤ ጥር 10 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና በዓለም የመጀመሪያው የሆነው የምድር ውስጥ የከተማ ባቡር ከፓዲንግተን ተነሥቶ ዩስተንንና ኪንግስ ክሮስን እያገናኘ እስከ ፋሪንግደን የሚሄድ ነበር። ዛሬ በብዙ ከተሞች ሥር የሚሄደው ባቡር የተወለደው ከረጅም ርቀት ባቡር የወረደን ሰው ወደ ከተማ ከማስገባት ችግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ቅርባችን ስንመጣ ደግሞ፣ በ2009 ዓ.ም. ከሞምባሳ የተዘረጋው የኬንያ አዲስ ባቡር የናይሮቢ ጣቢያውን ከመሀል ከተማ ርቆ በስዮኪማው አካባቢ ሲያደርግ፣ በአሮጌው ጠባብ ሐዲድ ላይ የሚመላለስ ባቡር ከአዲሱ ጣቢያ የወረዱትን ተቀብሎ ወደ መሀሉ አሮጌ ጣቢያ ያደርሳቸዋል። አዲስ አበባ ይህን እንዳለ መቅዳት አትችልም፤ አሮጌው ሐዲድ ከለገሃር የሚወጣው ወደ አቃቂ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን ለቡ ያለው ግን በደቡብ ምዕራብ ነው። በባቡሩ የመድረሻ ሰዓት ጣቢያው ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ፣ ወደ ሜክሲኮ የሚመላለስ የከተማ አውቶቡስ መመደብ ግን ሐዲድ መዘርጋትም ሆነ ቤት ማፍረስ አይጠይቅም።

ለጊዜው በለቡ የወረደ መንገደኛ የሚያገኘው ሌላ ነው። ከጣቢያው ቅጥር ውጭ የሚጠብቁት ላዳዎችና ሌሎች መኪኖች ሰው ለብቻው ወይም ከቤተሰቡ ጋር ሙሉውን መኪና በድርድር የሚከራይበትን «ኮንትራት» ይሰጣሉ፤ ሻንጣ ከተጫነ በኋላ የሚደረግ ድርድር ለሹፌሩ ስለሚያደላ ዋጋው የሚቆረጠው ዕቃው መሬት ላይ ሳለ ነው። በስልክ የሚጠሩት እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት አገልግሎቶች ሒሳቡን በርቀትና በሰዓት አስልተው ስለሚያሳዩ ከክርክር ያድናሉ፤ ይሁን እንጂ ካርታው ሰውየውን ቢያሳየውም ሹፌሩ ደውሎ «ከየቱ በር ነዎት?» ማለቱ አይቀርም፤ በአዲስ አበባ ቦታ የሚነገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን፣ በአደባባይ፣ በባንክ ቅርንጫፍና በነዳጅ ማደያ ነውና። በመሆኑም ከክፍለ ሀገር የሚመጣ እንግዳ ሊይዘው የሚገባው መረጃ የዘመዱ ሰፈር ስምና እዚያ ሲደርስ የሚያየው ምልክት ነው።

አቅሙ ለኮንትራት የማይፈቅድ ወይም ሻንጣው ቀላል የሆነ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባውን ሚኒባስ ይይዛል። ረዳቱ፣ ብዙዎች «ወያላ» የሚሉት፣ በተከፈተው በር ብቅ ብሎ «ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ!» እያለ የሚጠራው መድረሻውን ነው፤ መኪናው ላይ በግልጽ ተጽፎ የሚነበብ ነገር ከሌለ ጆሮ የሚያዳምጠው ይህ ጥሪ ብቸኛው መመሪያ ይሆናል። ታሪፉ በከተማው አስተዳደር በርቀት ተከፋፍሎ የሚወሰን ሲሆን፣ ረዳቱ ጉዞው መሀል ላይ «ሒሳብ» ሲል ከኋላ የተቀመጡት ገንዘባቸውን በፊተኞቹ እጅ ያቀብላሉ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ» ይላል። ትልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው ግን ለዕቃው የአንድ ሰው ወንበር ክፈል መባሉን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በተለይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የታክሲ ሰልፉ ስለሚረዝም ሁለት ሻንጣና ሕፃን ይዞ ሚኒባስ መጋፋት አይሞከርም።

ሜክሲኮ የደረሰ ሰው የከተማው ሌላ ክፍል ይከፈትለታል። እዚያ ከቀላል ባቡሩ ፌርማታ ወደ መገናኛና አያት፣ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሳሪስና ቃሊቲ መሳፈር ይቻላል፤ ዋጋውም ከሁሉ ይረክሳል። ግን ሥራ ሲጀምር ከነበሩት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት በመቆማቸው የሚመጣው ባቡር ሞልቶ የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል፤ ዕቃ ለያዘ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ጣቢያ ሲተከል ከተማ አብሮ ተተከለ፤ የቀዚራ ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ የተጋረዱ ጎዳናዎች ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ይነሣሉ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ የገበያ ሕይወቱን ይዞ ቆሟል። አዲሱ ጣቢያ ከዚህ ሁሉ ወጣ ብሎ በመሠራቱ፣ በባቡር ምክንያት የተፈጠረችው ከተማ ከባቡሯ ጋር የምትገናኘው በመኪና ሆኗል። ደግነቱ ድሬዳዋ የባጃጅ አገር ናት፤ በሦስት እግሯ የምትሄደው ይህች ትንሽ ተሽከርካሪ በቀዚራም በመጋላም ስለማትጠፋ ከተማ ከተገባ በኋላ መንቀሳቀስ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀላል። ወደ ሐረር የሚቀጥል መንገደኛም በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት በኩል ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝበትን ሚኒባስ ከድሬዳዋ ያገኛል፤ ባቡሩ አመሻሽ ላይ ከገባ ግን ያንን ዳገት ለማግሥቱ ማሳደሩ ይመረጣል።

በጅቡቲ በኩል ባቡሩ የሚቆመው በነጋድ፣ ከከተማዋ ውጭ ከአምቡሊ አየር ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ ነው። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ታክሲዎች ወደ መሀል ከተማ ይወስዳሉ፤ አማርኛ የሚሰማ ሹፌር ማግኘትም አያስቸግርም። ክፍያው በጅቡቲ ፍራንክ ሲሆን አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ177 ፍራንክ ከፍ ባለ ቋሚ ምንዛሪ ስለተሰፈረ ከዶላር ጋር ያለው ስሌት ከቀን ቀን አይለዋወጥም። ሰዓት ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢሆኑም ጅቡቲዎች የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ፣ ለመልሱ ጉዞ «በ8 ሰዓት ና» የተባለ ኢትዮጵያዊ ጣቢያው መድረስ ያለበት ጠዋት በ2 ሰዓት ነው።