የቡና ልጣጭ፥ በወንዝ ሲጣል ጉዳት፥ ሲብላላ ሀብት

ቡና ለአገራችን ታላቅ የሀብት ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ፍሬው ከተለየ በኋላ ልጣጩና ገለባው የት እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በጅማ፥ በሲዳማና በጌዴኦ ባሉት ማጠቢያዎች 100 ኪሎ እሸት ቡና ሲፈለፈል፥ 40 ኪሎ ያህሉ እርጥብ ልጣጭ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ልጣጭ ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ሲለቀቅ፥ በውስጡ ያለው ስኳር እየበሰበሰ የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይሞታል፥ ውኃው ጠቊሮ ይሸታል። በሜዳ ሲከመርም ዝንብ ያራባል። ከወንዙ ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ግን ያንኑ ውኃ ቀድቶ ይጠጣል።

ስለዚህ ልጣጩን ከወንዝና ከምንጭ ርቆ፥ ጥላ ባለው ስፍራ፥ ከእበት፥ ከቅጠልና ከዐፈር ጋር እያፈራረቁ መከመር ይገባል። ክምሩ እርጥበቱ ሳይለየው በየጊዜው ቢገላበጥ፥ ከውስጡ የሚነሣው ሙቀት የዝንቡን እጭ ይገድላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። በሚገባ ያልተብላላው ግን ችግኝን ስለሚጎዳ መቸኰል አይገባም።

ደረቁ ገለባ ለማገዶ ያገለግላል፤ ነገር ግን ጢሱ ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ፥ ጢስ መውጫ በሌለው ቤት አይነደድ። በሐረር ንጹሑን ገለባ አፍልቶ መጠጣት የቈየ ልማድ ነው፤ የሻገተው ግን ፈጽሞ ለመጠጥ አይሆንም።

መምህራን በትምህርት ቤታቸው የአትክልት ስፍራ አንድ ክምር አዘጋጅተው ቢያሳዩ፥ ተማሪው የተማረውን ለወላጆቹ ያደርሳል። ከላይ ያለው ሰው ጥራጊውን በሥርዓት ሲይዝ፥ ከታች ያለው ጎረቤቱ ጤና ይጠበቃል።