አቀበቱ የአንድ ሰው፣ ሩጫው የአሥር ሰው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ይህ አባባል በሩጫም ይሠራል። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የቅብብል ሩጫ ነው። ሩጫው የሚካሄደው ሩቅ አገር፣ ጃፓን ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ አቀበት የትም ቢሆን አቀበት ነው። ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ተሸክሞ፣ እህል አዝሎ ዳገት የወጣ ሰው ነገሩን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤኪደን ምንድን ነው?

ጃፓኖች የረጅም ርቀት ቅብብል ሩጫን «ኤኪደን» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከዱሮ የመልእክት ሥራ ነው። በዱሮ ዘመን በጃፓን መንገዶች ላይ ጣቢያዎች ነበሩ። መልእክቱ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይተላለፍ ነበር። ፈረሱ ይለወጣል፣ ሰውዬው ያርፋል፤ መልእክቱ ግን አያርፍም። በእኛም አገር ቢሆን ስልክና ፖስታ ሳይስፋፋ፣ ደብዳቤ በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ይዞ ከአገር አገር የሚገሰግስ መልእክተኛ ነበር።

የመጀመሪያው ኤኪደን የተካሄደው በ1917 ነው። ከኪዮቶ ከተማ እስከ ቶኪዮ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተሮጠ። ዛሬ ግን ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው የሐኮኔ ኤኪደን ነው። ይህ ሩጫ በ1920 ሲጀመር የተወዳደሩት 4 ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ። አሁን 20 ያህል ቡድኖች ይሮጣሉ። ሯጮቹ በቶኪዮና በአካባቢዋ ባሉ ዩኒቨርስቲዎች የሚማሩ ወጣት ወንዶች ናቸው።

ሩጫውን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሺዞ ካናኩሪ ይባላሉ። እኚህ ሰው በ1912 በስዊድን አገር በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ሮጠው ነበር። ሙቀቱ ጸናባቸውና አቋርጠው ወጡ። ለዳኞቹም ሳይነግሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1967 ስዊድኖች ጠርተዋቸው፣ በሽምግልናቸው ሄደው ማራቶኑን ጨረሱት። ሰዓታቸው ሲቆጠር ከ54 ዓመት በላይ ሆነ! ሩጫን ለብቻ መጀመርና ለብቻ መውደቅ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ጨርቁ ከዱላ ይከብዳል

የሐኮኔ ሩጫ የሚካሄደው የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት በገባ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 24 ገደማ፣ ከገና በፊት መሆኑ ነው። ወቅቱ በጃፓን ብርዳማ ክረምት ነው። አንድ ቡድን 10 ሯጮች አሉት። በመጀመሪያው ቀን 5ቱ ከቶኪዮ ተነሥተው፣ ሐኮኔ ተራራ ላይ እስካለው ሐይቅ ይሮጣሉ። በማግሥቱ የቀሩት 5ቱ ወደ ቶኪዮ ይመለሳሉ። ጠቅላላው መንገድ 217 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ሯጭ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሰዋል።

እኛ ዱላ ቅብብል እንላለን። እነሱ ግን የሚቀባበሉት ዱላ አይደለም፤ ረጅም ቀጭን ጨርቅ ነው። «ታሱኪ» ይባላል። ሯጩ ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው ጎኑ ያጠልቀዋል። ሲደርስ አውልቆ ለጓደኛው ያቀብላል። ጓደኛውም በላብ የራሰውን ጨርቅ አጥልቆ ይነሣል።

ደንቡ ጥብቅ ነው። አንድ ቡድን ከመሪው በጣም ከዘገየ፣ ተቀባዩ ሯጭ እንዲጠብቅ አይፈቀድለትም። ሰዓቱ ሲሞላ ሌላ ጨርቅ ተሰጥቶት ይነሣል። አንዳንዴ ጓደኛው ከሩቅ እየታየው፣ ጥሎት መሄድ ግድ ይሆንበታል። የቡድኑ ጨርቅ እዚያ ላይ ተቋረጠ ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ። አንዱ ሯጭ መንገድ ላይ ወድቆ መጨረስ ካልቻለ፣ ቡድኑ ከውጤት ይወጣል። የዘጠኙም ጓደኞቹ ልፋት ለደረጃ አይቆጠርም።

አምስተኛው ሯጭ

አሁን ወደ አቀበቱ እንምጣ። አቀበቱ የአምስተኛው ሯጭ ድርሻ ነው። ኦዳዋራ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጨርቁን ይቀበላል። ከዚያ 20.8 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው ይወጣል። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 874 ሜትር ነው። ከዚያ ትንሽ ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ዘንድ ይደርሳል። ጎበዝ የተባለው ሯጭ ይህን የሚጨርሰው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ሮጦ ነው።

ታች ላይ ላብ ነው፤ ላይ ብርድና ነፋስ ነው። በላብ የራሰ ሰውነት ነፋስ ሲመታው ሙቀቱን ያጣል። ያን ጊዜ እግር አልታዘዝ ይላል። በ2013 ነፋሱ ብርቱ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ቡድኖች በዚሁ በአምስተኛው ክፍል ላይ አቋርጠው ወጡ።

ስለዚህ አቀበቱን ድል የሚያደርግ ሯጭ ትልቅ ስም አለው። ጃፓኖች «የተራራው አምላክ» ይሉታል። ከእነዚህ አንዱ የቶዮ ዩኒቨርስቲው ሪዩጂ ካሺዋባራ ነው። በ2009 ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ጨርቁን ሲቀበል ቡድኑ 9ኛ ነበር። ከመሪው 4 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? ዳገቱ ላይ 8 ቡድን አልፎ 1ኛ ሆኖ ደረሰ! በዚያን ጊዜ መንገዱ ከዛሬው ይረዝም ነበር፤ 23.4 ኪሎ ሜትር። ቶዮም በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሐኮኔ አሸናፊ ሆነ።

ግን ሩጫው የአንድ ሰው አይደለም ብለናል። በ2011 ካሺዋባራ በአቀበቱ ላይ አሁንም ከሁሉ ቀደመ። በማግሥቱ ግን የዋሴዳ ዩኒቨርስቲ ቡድን ቶዮን በ21 ሴኮንድ ቀድሞ ዋንጫውን ወሰደ። 217 ኪሎ ሜትር ተሮጦ ልዩነቱ 21 ሴኮንድ! ጫማ አውልቆ ለማሰር እንኳ አይበቃም። ከአሥሩ ሯጮች እያንዳንዱ «እኔ 3 ሴኮንድ ብጨምር ኖሮ» ቢል አይፈረድበትም።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ጃፓንን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል መታት። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። የፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከተጎዱት አንዱ ነበር። ካሺዋባራ የዚያው አገር ልጅ ነው። በ2012 ለመጨረሻ ጊዜ ሐኮኔ ላይ ሮጠ። የራሱን የቀድሞ ሰዓት አሻሽሎ 1ኛ ወጣ። ቡድኑም በሰፊ ልዩነት ዋንጫውን መለሰ። ከሩጫው በኋላ የተናገረው ነገር አልተረሳም። የእሱ ሥቃይ የአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ መሆኑን፣ ከፉኩሺማ ሕዝብ መከራ ጋር ሲተያይ ምንም እንዳልሆነ ነበር የተናገረው።

ለዳገት እንዴት ይዘጋጃሉ?

በሜዳ ስንሮጥ እግር ወደ ፊት ይገፋናል። ዳገት ላይ ግን ሰውነታችንን ወደ ላይም ማንሣት አለበት። ስለዚህ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሳንባ ብዙ አየር ይፈልጋል። ጭን፣ ባትና መቀመጫ ሥራ ይበዛባቸዋል። ይህን ሥራ በልክ ያስለመድነው ሰውነት ይጠነክራል። ሳናስለምደው በአንዴ የጫንንበት ሰውነት ግን ይጎዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በሜዳ ላይ 15 ደቂቃ ያህል ሶምሶማ ሮጦ ሰውነትን ማሟሟቅ ነው። ከዚያ 100 እርምጃ የሚያህል ዳገት መምረጥ። ሮጦ መውጣት፣ በእርምጃ መውረድ። ለጀማሪ 4 ጊዜ ይበቃዋል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ይጨምራል። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ዳገት መሮጥ ለጀማሪ አያስፈልግም። የሚቀጥለው ቀን የዕረፍት ወይም የቀላል ሩጫ ይሁን።

አሯሯጡም ዘዴ አለው። እርምጃን ማሳጠር ነው። ከወገብ አለመጎንበስ፤ ጎንበስ ካሉ ሳንባ ይታፈናል። ክንድን በደንብ ማወዛወዝ፤ ክንድ እግርን ይጎትታል። ዓይን ጫፉ ላይ ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊት ይይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታች ላይ አለመቸኮል ነው። ዳገቱ ሥር የፈጠነ ሰው፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ያለከልካል። ደረት ከወጋ ወይም ራስ ካዞረ ግን ወዲያው ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ቁልቁለትስ? ቁልቁለት ቀላል የሚመስለው ላልሮጠበት ነው። በማግሥቱ ከሐኮኔ የሚወርደው 6ኛው ሯጭ 20.8 ኪሎ ሜትሩን ጎበዝ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ቁልቁል ስንሮጥ ጭናችን እንደ መኪና ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ በማግሥቱ እግር ይተሳሰራል። የውስጥ እግር ቆዳም ውኃ ይቋጥራል። ቁልቁለትንም እንደ ዳገቱ በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ ያስፈልጋል።

እኛና ዳገት

ጃፓኖች የእኛን ሰው በደንብ ያውቃሉ። አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው በእነሱ ጎዳና ላይ ነው። የእኛ ሯጮች ከሚለማመዱባቸው ቦታዎች አንዱ እንጦጦ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ያን ዳገት የለመደ ሰው፣ ዝቅ ያለ አገር ሄዶ ሲሮጥ ይቀለዋል።

ዳገት በእኛ አገር ሞልቷል። ሯጭም ሞልቷል። አሥር ሆኖ አንድ ጨርቅ ለመቀባበል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሰፈር ወጣቶች፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሊሞክሩት ይችላሉ። አቀበቱን ለማን እንስጥ የሚለውን ግን አስቀድሞ መምከር ነው። የሚሰጠው ከሁሉ ለፈጠነው ብቻ አይደለም። ሲደክመው ታች ያሉትን ጓደኞቹን ለሚያስታውስ ሰው ነው።

እስቲ እንወያይ

1. ተቀባዩ ሯጭ ጓደኛው ሳይደርስ እንዲነሣ መደረጉ ትክክል ነው ትላላችሁ? ለምን?
2. በአካባቢያችሁ ለልምምድ የሚመች ዳገት የትኛው ነው?
3. «ሃምሳ ሎሚ» የሚለው አባባል ከሩጫ ሌላ በየትኛው ሥራችሁ ላይ ይታያል?