ጥርስ ያጣ አጥንት

ጥርሳቸው ያለቀ አረጋውያን አገጫቸው ወደ አፍንጫቸው ሲጠጋ፣ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ሲሰምጥ፣ እርጅና ነው ብለን እናልፈዋለን። ዋናው ምክንያት ግን ከድዱ ሥር ነው። ጥርስን የሚሸከመው የመንጋጋ አጥንት ጠርዝ ከጥርስ ጋር የሚበቅል፣ ከጥርስም ጋር የሚሄድ አጥንት ነው። ባኘክን ቁጥር ከጥርሱ ሥር የሚደርሰው ጫና አጥንቱ ራሱን እያደሰ እንዲኖር ያደርገዋል። ጥርሱ ሲነቀል ጫናው ይቋረጣል፤ ሰውነትም ሥራ የፈታውን አጥንት መልሶ ይመጠዋል።

ፍጥነቱ ያስደነግጣል። መንጋጋ ጥርስ በተነቀለ በአንድ ዓመት ውስጥ ከጠርዙ ስፋት ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ቀድሞ የሚሄደው በጉንጭና በከንፈር በኩል ያለው ግድግዳ ሲሆን፣ በፊት ጥርሶች ላይ ይህ ግድግዳ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ባለቤቱ ምንም አይሰማውም፤ ድዱ ድኗል፣ ሕመሙም ቀርቷል። ከዓመታት በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ ኢምፕላንት ሊያስተክል ሲሄድ ነው፣ ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ምስል እያሳየ የሚተከልበት አጥንት እንደሌለ የሚነግረው።

ኢምፕላንት ከታይታኒየም የተሠራ ብሎን ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የቀበረው የታይታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልነቀል አለው፤ ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ተከለ። ብሎኑ ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። በግራና በቀኙ ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ስለሚያስፈልገው፣ የጠርዙ ስፋት ከ6 ሚሊ ሜትር ብዙ ካነሰ አጥንቱን አስቀድሞ መሥራት ግድ ይሆናል።

አጥንት እንዴት ይሠራል? ሐኪሙ የሚያስቀምጠው መሙያ በአብዛኛው ራሱ አዲሱ አጥንት አይደለም፤ ግንበኛ ቆሞ እንደሚሠራበት ርብራብ ነው። የደም ሥሮችና አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ከታካሚው አጥንት ተነሥተው በመሙያው ቅንጣቶች መካከል እየገቡ ይገነባሉ። ሕያው ሕዋሳት ይዞ የሚመጣው በዋናነት የታካሚው የራሱ አጥንት ነው፤ ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ወይም ከአገጭ፣ ጉድለቱ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ከዳሌ ይወሰዳል። ሌሎቹ ከለጋሽ ሰው የተገኘ፣ ከከብት ተወስዶ ማዕድኑ ብቻ እስኪቀር የተጣራ፣ ወይም ከካልሲየም ፎስፌት በፋብሪካ የተሠራ ናቸው። በመሙያው ላይ የሚነጠፈው የኮላጅን ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚገኝ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አሳማ በማይበላበት አገራችን ይህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለታካሚው ሊነገር ይገባል፤ ከከብት የተሠራም ሆነ ሰው ሠራሽ አማራጭ አለና።

በዚህ ሽፋን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጠቅላላው ሥራ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። የድድ ሕዋሳት ፈጣን፣ የአጥንት ሕዋሳት ዘገምተኛ ናቸው። ክፍት ቦታ ካገኙ ድዱ ቀድሞ ገብቶ ይሞላዋል፤ አጥንቱ ሲደርስ ቦታው ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ1988 ክሪስተር ዳሊን እና ባልደረቦቹ በስዊድን ሠርተው ባሳተሙት ጥናት የአይጦችን መንጋጋ በሁለቱም በኩል በስተው፣ የአንዱን ወገን ቀዳዳ በስስ የቴፍሎን ሽፋን ጋረዱት። የተጋረደው ወገን በሳምንታት ውስጥ በአጥንት ሞላ፤ ባልተጋረደው ግን ለስላሳ ሥጋ ገባበት። ምንም መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተደረገው ነገር ቢኖር ፈጣኑን ከልክሎ ለዘገምተኛው ጊዜ መስጠት ነው።

በላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ችግሩ ከላይም ከታችም ይመጣል። ከመንጋጋ ጥርሶቹ በላይ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላው ክፍተት አለ። ጥርሶቹ ሲነቀሉ ጠርዙ ከታች ይሳሳል፣ ሳይነሱም ወደ ታች ይሰፋል፤ አንዳንዴ በመካከላቸው የሚቀረው አጥንት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሐኪሙ በጎን ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት ይከፍትና ሳይነሱን የሚያለብሰውን፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚሳሳውን ሽፋን ሳይቀድ ቀስ ብሎ ከአጥንቱ እያላቀቀ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከሥሩ በተፈጠረው ቦታ መሙያውን ያስቀምጣል። ይህን ዘዴ ፊሊፕ ቦይን እና ሮበርት ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙት፤ አሜሪካዊው ሒልት ታተም ግን በ1970ዎቹ ጀምሮት ነበር። የተለመደው ጉዳት የሽፋኑ መቀደድ ነው። ትንሽ ቀዳዳ በኮላጅን ይደፈናል፤ ትልቅ ከሆነ ግን ሥራውን አቁሞ፣ ሰፍቶ፣ ከወራት በኋላ መመለስ ይሻላል። በእኔ እምነት እንዲህ ለማቆም የማያመነታ ሐኪም የሚታመን ሐኪም ነው። ታካሚውም ለጥቂት ሳምንታት በኃይል አይናፈጥም፤ ማስነጠስ ሲመጣበትም አፉን ከፍቶ ያስነጥሳል።

የታችኛው መንጋጋ ፈተና ሌላ ነው። በውስጡ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ ከተጎዳ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሲተከል ከነርቩ በላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥንት ሳይነካ ይተዋል። ስፋት ከመጨመር ይልቅ ቁመት መጨመር እጅግ ይከብዳል፤ ስፌቱ ተከፍቶ መሙያው የሚጋለጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ከዚያ ጥበቃው ይመጣል፤ እንደ ሥራው ስፋት ከ4 እስከ 9 ወራት። ይህን ጊዜ ለማሳጠር የሚቸኩል ሰው ገና ባልጠና አጥንት ላይ ያስተክላል። ሲጋራ የደም ዝውውሩን ስለሚያዳክም፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት ስኳርም ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርግ ውጤቱን ያበላሻሉ። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተሰራጨ ካንሰር ቢስፎስፎኔት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው ለሐኪሙ ሊናገሩ ይገባል፤ መድኃኒቱ ከጥርስ ነቀላም ሆነ ከቀዶ ጥገና በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል።

አጥንቱ የሳሳበት ሁሉ ይህን መንገድ መሄድ የለበትም። ዛሬ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ አጫጭር ኢምፕላንቶች አሉ፤ ዘንበል ብለው ተተክለው ሳይነሱን ሳይነኩ የሚያልፉም አሉ። ጥርሱ ገና ያልተነቀለለት ሰው ደግሞ የተሻለ ዕድል አለው። በነቀላው ቀን ሐኪሙ ሥሮቹን ለያይቶ በየተራ በማውጣት ስሱን ግድግዳ ከመሰበር ሊያድነው፣ ጉድጓዱንም ወዲያው በመሙያ ሞልቶ ሊሸፍነው ይችላል። ይህ ጥፋቱን ጨርሶ አያስቀርም፤ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጥርሱ እንዲነቀል ከተወሰነ፣ ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት ሐኪሙን ስለ አጥንቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ኢምፕላንቱ የሚታሰበው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም እንኳ።