ክኒኑ ያልቻለውን ጎመኑ ይችል ይሆን?

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የቫይታሚን ብልቃጥ እንግዳ አይደለም። አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለአባት ተብሎ ይገዛል፤ ነገር መርሳት የጀመረ ሽማግሌ ቤት ካለ ደግሞ “ለአእምሮ ጥሩ ነው” የተባለው ተመርጦ ይመጣል። ቫይታሚን ኢ፣ ሴሊኒየም፣ ጊንኮ፣ ከእርድ የወጣ ኩርኩሚን፤ ብዙዎቹ የሚሸጡት “አንቲኦክሲዳንት” በሚል ስም ነው። ስጦታው የፍቅር ነው። የተባለለትን ይሠራል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ሐሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክሲጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ሴሎች በኦክሲጅን ኃይል ሲያመነጩ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን የሚጎዱ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። የአንጎል ሴሎች ሽፋን ደግሞ ቅባት የበዛበት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ዘይት ሽታና ጣዕሙ እንደሚለወጥ ሁሉ ይህም ቅባት ይበላሻል። የመርሳት በሽታ ዓይነት በሆነው በአልዛይመር የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር የዚሁ ጉዳት ምልክት ተገኝቷል። አንቲኦክሲዳንቶች ደግሞ ጉዳቱን የመግታት ባሕርይ አላቸው። ታዲያ በክኒን ቢሰጡስ?

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ 341 የአልዛይመር ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ተስፋ ሰጠ፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ የበሽታውን ግስጋሴ ያዘገየ መሰለ። ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተመልሰው በሽታው ሳይጀምር መከላከል ይቻል እንደሆነ ፈተሹ። መልሱ አሳዛኝ ነበር። በ2005 መጠነኛ የማስታወስ ችግር ባለባቸው 769 ሰዎች ላይ ቫይታሚን ኢ አልዛይመርን አላስቀረም። በ2008 ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ3,000 በላይ አረጋውያን የተካፈሉበት የጊንኮ ጥናት ውጤት ወጣ፤ ጊንኮም አልረዳም። በ2017 ደግሞ ከ7,500 በላይ ወንዶች በተካፈሉበት ጥናት ቫይታሚን ኢም ሆነ ሴሊኒየም፣ ሁለቱ አንድ ላይም ቢሆኑ፣ የመርሳት በሽታን አልተከላከሉም። ኩርኩሚንም ቢሆን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየው የ2014ቱ ነው። በሽታው የያዛቸው 613 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ተጠንተው፣ ቫይታሚን ኢ የወሰዱት እንደ መታጠብና መልበስ ያለውን የዕለት ተግባር ማጣታቸው በስድስት ወር ያህል ዘገየ። ለአስታማሚ ቤተሰብ ስድስት ወር ብዙ ነው። ሆኖም የማስታወስ ችሎታቸው አልተሻሻለም። መጠኑም በቀን 2,000 ዩኒት ስለነበር በሐኪም ክትትል እንጂ በገዛ እጅ የሚወሰድ አይደለም፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። “ቫይታሚን ምን ይጎዳል?” ለሚል ፊንላንድ ምስክር ናት፤ በ1994 በወጣ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱ አጫሾች የሳንባ ካንሰር ከሌሎቹ በላይ አጠቃቸው።

ምግቡ ዘንድ ወሬው ይለወጣል። ቺካጎ የሚገኘው የራሽ ዩኒቨርሲቲ አረጋውያንን በየዓመቱ እየፈተነ፣ ምን እንደሚበሉም እየጠየቀ ለዓመታት ተከታትሏል። በ2018 በወጣው ውጤት ከ960 ሰዎች መካከል በቀን አንድ ጊዜ ያህል ቅጠላ ቅጠል የሚመገቡት የአእምሯቸው ብቃት እምብዛም ከማይመገቡት በ11 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ካለው ሰው ጋር ይመጣጠን ነበር። በ2020 ደግሞ በጎመን፣ በባቄላ ዘርና በሻይ የሚገኙትን፣ ፍላቮኖል የተባሉ አንቲኦክሲዳንቶች በብዛት የሚያገኙ ሰዎች በአልዛይመር የመያዛቸው ዕድል ጥቂት ከሚያገኙት በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ታየ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ጎመን የሚያዘወትር ሰው በሌላውም ነገር ለጤናው የሚጠነቀቅ ሊሆን ይችላል። እዚያው ራሽ የተወለደው፣ ቅጠላ ቅጠል የሚበዛበት ‘ማይንድ’ የተባለ አመጋገብ በ604 ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት ተሞክሮ፣ በ2023 ሲታይ ከማነጻጸሪያው ቡድን ጉልህ ልዩነት አላመጣም። ሦስት ዓመት ግን አሥርት ዓመታት ሲብላላ ለሚኖር በሽታ አጭር ነው። ደግሞም ጎመን አንድ ሞለኪውል አይደለም፤ ፎሌት አለው፣ ሉቲን አለው፣ ፋይበር አለው፤ ክኒኑ ከዚህ ሁሉ አንዱን መዝዞ ነው የሚሰጠው።

እንግዲህ ጎመኑ ድስት ውስጥ ሲገባ ልብ የሚባል ነገር አለ። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ቫይታሚን ሲውንና ፎሌቱን አብሮ መድፋት ነው፤ በጥቂት ውሃ ማብሰል ይሻላል። ጠብ የምትደረግበት ዘይት ደግሞ ቫይታሚን ኢና ካሮቲን ወደ ሰውነት እንዲገቡ ታግዛለች። የጾም ወቅት የሱፍ ፍትፍትም የቫይታሚን ኢ ምንጭ ነው።

በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች 14 ምክንያቶችን ዘርዝረው፣ ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግር፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የቫይታሚን እጥረት የለም። የደም ግፊት ግን አለ፤ ባለሙያዎቹ ከ40 ዓመት ግድም ጀምሮ የላይኛው ቁጥር ከ130 እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ይህን ለማወቅ ጤና ጣቢያ ገብቶ ክንድን ለደቂቃዎች መዘርጋት ይበቃል።