የጓዳችን ቅመምና ካንሰር፦ ከደብረ ማርቆስ ገበያ እስከ ቤተ ሙከራ

በደብረ ማርቆስ ገበያ የቅመም ተራ ላይ ከሚዘረጋው ውስጥ ብዙው ጥንተ መገኛው እስያ ነው። እርድና ዝንጅብል ከደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ቁንዶ በርበሬ ከደቡብ ሕንድ፣ ቀረፋ ከስሪላንካ፣ ቅርንፉድ ከኢንዶኔዥያ ማሉኩ ደሴቶች ተነሥተው ነው እኛ ጓዳ የደረሱት። ነጭ ሽንኩርትም የመካከለኛው እስያ ተወላጅ ነው። በርበሬ ደግሞ መነሻው አሜሪካ ሆኖ ዛሬ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬው ገንዘብ የሚያገኝበት ሰብል ሆኗል። የራሳችን የምንለው ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ደን ፍሬ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእናርያ ነጋዴዎች ቡናና ኮረሪማ ጭነው ዐባይን ከተሻገሩ በኋላ ከሚያራግፉባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለው ባሶ ነበር።

እነዚህ ቅመሞች በደገኛው ቤት ምግብም መድኃኒትም ሆነው ኖረዋል። ለጉንፋን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይፈላል፣ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል፣ ሆድ ሲቆርጥ ጤና አዳም ይቀመሳል፣ ምች የመታው ሰው በዳማከሴ ይታሻል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከዚህ የከበደ ነገር እየተነገረ ነው፤ ቅመሞቹ ካንሰርን ይከላከላሉ፣ እንዲያውም ያድናሉ የሚል። ሎሚ ከኬሞቴራፒ በ10 ሺህ እጥፍ ይበልጣል የሚለው መሠረተ ቢስ ወሬ በዓለም ዙሪያ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር ቆይቷል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ 80 ሺህ ገደማ ሰዎች በካንሰር እንደሚያዙ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የ2022 ግምት ያሳያል። ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ጥናቶቹ እስከ ምን ድረስ እንደሄዱ ማወቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕፅዋትን መመርመር ለምን አስፈለገ?

የካንሰር ሕክምና ከዕፅዋት ብዙ ወስዷል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሴል የተገኘው ከአንድ የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። የልጆችን የደም ካንሰር ለማከም የሚያገለግለው ቪንክሪስቲን ደግሞ ከማዳጋስካር አበባ የወጣ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከ1960 እስከ 1982 ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ናሙናዎችን ከዓለም ዙሪያ አሰባስቦ መርምሯል። ከዚያ ሁሉ ለሕሙማን የደረሱት መድኃኒቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በዚህ ምርምር ውስጥ የኢትዮጵያ ዕፅዋትም ታሪክ አላቸው። የመጀመሪያው ዋጊኖስ ነው። በ1770 የዐባይን ምንጭ ለማየት ጎጃም ግሽ ዐባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በዚህ ተክል ከተቅማጥ ደዌ መዳኑን ጽፏል። የተክሉ ሳይንሳዊ ስምም ከእሱ ስም የተወሰደ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። በአይጦች ላይ የደም ካንሰርን አጥብቆ ሲዋጋ ታየ። በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ዕጢውን ሊያሳንስ ስላልቻለ ተተወ።

ሁለተኛው የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ካፕቻን በ1972 ከኢትዮጵያ ከመጣ ናሙና ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማግኘቱን አስታወቀ። ንጥረ ነገሩ በተክሉ ውስጥ ያለው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን የካንሰር ህዋስን የመግደል ኃይሉ ግን ከፍተኛ ነው። በሰው ላይ ሲሞከር ሕመምተኛውንም የሚጎዳ መርዝ ሆኖ በመገኘቱ ለዓመታት ወደ ጎን ተባለ። ኋላ ተመራማሪዎች ከእሱ የተሠራ ውሁድ የጡት ካንሰርን ህዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት፤ መርዙም በአብዛኛው ዕጢው ዘንድ ሲደርስ እንዲፈታ ሆነ። በዚህ መንገድ የተሠራው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከግኝቱ እስከ ፈቃዱ 41 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። የአጣጥን ቅጠል ቀቅሎ የጠጣ ሰው ይህን መድኃኒት አላገኘም፤ ያልተመጠነ ነገር ነው የጠጣው።

የጓዳው ቅመሞች አንድ በአንድ

እርድ ከሁሉም ይበልጥ የተጠና ነው። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የብዙ ዓይነት ካንሰር ህዋሶችን እድገት ይገታል። በሰው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2011 በወጣ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት በቀን 4 ግራም ኩርኩሚን ለ30 ቀን የወሰዱ አጫሾች በትልቁ አንጀታቸው ላይ ያሉት ቅድመ ካንሰር ምልክቶች በ40 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ይሁንና ምልክት መቀነሱ ካንሰርን መከላከሉን አያረጋግጥም። መጠኑንም እናስተውል፦ መቶ ግራም የእርድ ዱቄት የሚይዘው ኩርኩሚን 3 ግራም ያህል ነው። 4 ግራም ለማግኘት በየቀኑ ከ130 ግራም በላይ እርድ መብላት ያስፈልጋል። የትኛውም አልጫ ይህን አይሸከምም። በ2017 በመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት የታተመ ሰፊ ግምገማም ከ120 በላይ የሰው ሙከራዎች ተደርገው ኩርኩሚን በጥብቅ ቁጥጥር በተካሄደ ሙከራ ፈዋሽነቱ እንዳልተረጋገጠ ደምድሟል።

ነጭ ሽንኩርት የተሻለ ማስረጃ ያለው ይመስላል። የጨጓራ ካንሰር በሚበዛበት በቻይና ሻንዶንግ ግዛት በሊንቹ ወረዳ በ1995 የተጀመረ ሙከራ ከ3 ሺህ 300 በላይ ሰዎችን ከ22 ዓመት በላይ ተከታትሏል። ከሰባት ዓመት በላይ የነጭ ሽንኩርት ተዋጽኦ የወሰዱት በጨጓራ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በበሽታው የመያዝ ዕድልን መቀነሱ ግን በቂ ስታቲስቲካዊ ማረጋገጫ አላገኘም። በዚያው ጥናት የጨጓራ ባክቴሪያን ለሁለት ሳምንት በመድኃኒት ማከም በሽታውንም ሞቱንም ቀንሷል። ጨጓራውን ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ነጭ ሽንኩርቱን ይብላ፤ ባክቴሪያው ካለበት ግን ተመርምሮ የታዘዘለትን መድኃኒት ይጨርስ።

ዝንጅብል የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። በ2012 በታተመ፣ 576 የካንሰር ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ ከማቅለሽለሽ መድኃኒት ጋር በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ግራም ዝንጅብል መውሰድ በኬሞቴራፒ የመጀመሪያ ቀን የሚመጣውን ማቅለሽለሽ አቅልሏል። ካንሰሩን አላጠፋም፤ ሕክምናውን ለመቻል ግን ረድቷል። ለታማሚ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

በድፎ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ስለ ካንሰር የሚነገርለት በአብዛኛው ከህዋስና ከአይጥ ጥናት የመጣ ነው። በርበሬን በተመለከተ የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ ይጋጫል። ኮረሪማ፣ ቆሰረትና በሶብላ መዓዛቸው የሚያኮራ ቢሆንም በዚህ ረገድ የሰው ማስረጃ የላቸውም።

ድስቱ ውስጥ የሚሆነው

የእናቶቻችን አሠራር ከዚህ ኬሚስትሪ ጋር የሚገጥምበት ቦታ አለ። ቅቤ ሲነጠር እናስተውል። ቅቤው በዝግታ እሳት ይቀልጣል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ከዚያ ኮረሪማው፣ ቆሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ፣ ነጭ አዝሙዱና እርዱ ይገባል፤ አተላው እስኪዘቅጥና ቅቤው ጠርቶ እስኪታይ ይጠበቃል። ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል። በአልጫው ላይ የሚጨመረው ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ፒፐሪን አለው። በ1998 በወጣ የሕንድ ጥናት ፒፐሪን ወደ ደም የሚገባውን ኩርኩሚን በ20 እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ያም ሆኖ መነሻው በጣም ጥቂት ስለሆነ በወጥ የምናገኘው መጠን ከመድኃኒት ደረጃ አይደርስም።

ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ጠቃሚው ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ነው፤ ወዲያው እሳት ካገኘው ይህን የሚያመነጨው ኢንዛይም ይሞታል። በ2001 የታተመ የአይጥ ጥናት ነጭ ሽንኩርቱ ከተቀጠቀጠ በኋላ 10 ደቂቃ ሳይሞቅ ከቆየ ጠቀሜታው በከፊል እንደሚተርፍ አሳይቷል። ስለዚህ ከሙቀጫ ወደ ድስት ከመገልበጥ በፊት ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ድረስ ማቆየቱ ምንም ወጪ የለውም።

ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ

ከዕፅዋት የተገኘ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለዘመናት ሲያገለግል የኖረው አሪስቶሎኪያ ኩላሊትን እንደሚያበላሽና በሽንት መተላለፊያ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። በጥሩ ተስፋ የተጀመረ ነገርም ሊገለበጥ ይችላል። በፊንላንድ 29 ሺህ አጫሾች በተሳተፉበት ጥናት ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ከፍ ማለቱ በ1994 ይፋ ሆኗል። የእርድ ክኒንም፣ በተለይ ከፒፐሪን ጋር የተቀላቀለው፣ ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች በአሜሪካና በጣልያን ተመዝግበዋል። ጤና አዳም በብዛት ከተወሰደ ለእርጉዝ ሴት አደገኛ ነው፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል።

ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ሻጋታ ነው። ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ለውዝ ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በ1996 በአዲስ አበባ በተደረገ ምርመራ በርበሬና ሽሮ ናሙናዎች ውስጥ ተገኝቷል። ማጠብና መቁላላት አያጠፋውም። እንግዲህ ይጠብቀናል ያልነው ቅመም አያያዙ ከተበላሸ ራሱ አደጋ ይሆናል። ዛላውን በደንብ ማድረቅ፣ የሻገተውን ለቅሞ መጣል፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ከየትኛውም የቅመም ክኒን ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ታዲያ ደገኛውን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ከማዕዳችን ውስጥ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ቅመሙ ሳይሆን ቅመሙ የሚቀመምለት እህል ነው። ጤፍ ከማነሱ የተነሣ ሳይፈተግ ከነሽፋኑ ስለሚፈጭ እንጀራው ሙሉ እህል ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 ባወጣው ግምገማ መሠረት በቀን 90 ግራም ሙሉ እህል መመገብ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ17 በመቶ ይቀንሳል። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ሲጨመርበት የጾም ማዕዳችን የሚመሰገን ነው። ቅመም ይህን ማዕድ ያጣፍጠዋል፤ ያለ ብዙ ጨውና ሥጋ እንዲበላ ያደርገዋል። ትልቁ ውለታው ይህ ነው።

በሌላ በኩል አረቄ አለ። አልኮል የጉሮሮ፣ የጉበትና የጡት ካንሰርን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ስለሆነ በላዩ ነጭ ሽንኩርት መብላት አይክሰውም። ጭስ መውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ የሚጨሰው እንጨትና ኩበት የእናቶችን ሳንባ ይጎዳል፤ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የጤና ጉዳይ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ክትባት አለ፤ በኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2018 ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶችም ቅድመ ካንሰርን የሚለይ ቀላል ምርመራ በጤና ተቋማት ይሰጣል።

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ ዕፅ ሲሞክሩ የሚባክነው ጊዜ ነው። የባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችን እውቀት ይከበር፤ ክብሩ ግን የሚገለጠው ዋጊኖስና አጣጥ እንደተመረመሩት ሲመረመር ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና መሰል ተቋሞቻችን የአዋቂዎቹን ቃል መመዝገብ፣ አርማወር ሐንሰንን የመሰሉ የምርምር ተቋማትም መመርመር አለባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እርዱንም ነጭ ሽንኩርቱንም ከወጥህ አትቀንስ። ጡት ላይ እብጠት፣ ያልተለመደ የደም መፍሰስ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር ወይም የማይድን ቁስል በአንተ ወይም በቤተሰብህ ላይ ካየህ ግን ሥር ሳትምስ፣ ቅጠል ሳትቆርጥ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ሕክምና የጀመርክ ከሆንክም የምትወስደውን ዕፅ ሁሉ ለሐኪምህ ንገር፤ አንዳንዱ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያውክ ይችላልና።